የ«ጊት» መምሪያ ስያሜዎችና የተማሪው ችግር

በሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው «ጊት» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ አንድ ጽሑፍ ከጊዜ ወደ ጊዜ የተደረጉበትን ለውጦች በየተራ መዝግቦ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚያጠና ተማሪ ከዚህ መሣሪያ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው መሣሪያውን ሳይሆን መምሪያውን ነው።

ከሸኮ ወይም ከቤንች ቤተሰብ የተወለደ ተማሪ በቤቱ ቋንቋ ያስባል፤ በአማርኛ ይነጋገራል፤ መምሪያውን ግን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ለባለቋንቋው እንኳ ግልጽ ያልሆነ ስያሜ ለእርሱ ድርብ እንቅፋት ይሆንበታል።

ለምሳሌ ያህል፣ ለመመዝገብ የተመረጡ ለውጦች የሚቆዩበትን ስፍራ መምሪያው አንድ ጊዜ «ኢንዴክስ»፣ ሌላ ጊዜ «ስቴጂንግ ኤሪያ» ይለዋል፤ በትእዛዞቹ ውስጥ ደግሞ «ካሽድ» የሚል ቃል ይገኛል። ሦስቱም የሚያመለክቱት አንዱን ስፍራ ነው። ተማሪው ሦስት ልዩ ልዩ ስፍራዎች እንዳሉ ቢገምት የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

ከዚህ የከፋው አንድ ስም ለተለያዩ ተግባሮች ሲውል ነው። «ቼክአውት» የሚለው ትእዛዝ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ያሻግራል። የፋይል ስም ሲሰጠው ግን ያልተመረጠውንና ያልተመዘገበውን ለውጥ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይደመስሳል፤ የአንድ ቀን ድካም በአንድ መስመር ይጠፋል። ይህንኑ ለማቃለል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በወጣው 2.23ኛው እትም ሥራው «ስዊች» እና «ሪስቶር» ለተባሉ ሁለት ትእዛዞች ተከፍሏል። እርምጃው የሚመሰገን ነው፤ ዳሩ ግን አሮጌው ትእዛዝም አብሮ እንዲቀጥል በመደረጉ መምህሩ ሁለቱንም ማስረዳት ግድ ሆኖበታል።

«ሪሴት»፣ «ሪስቶር» እና «ሪቨርት» የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። መምሪያው ስለ ሦስቱ ልዩነት የተለየ አንቀጽ ለመጻፍ መገደዱ ስያሜው ደካማ ለመሆኑ በቂ ምስክር ነው። በአማርኛ ሦስቱንም «መመለስ» ብንላቸው ስሕተቱን እናባዛለን። በእኛ አስተያየት «ሪስቶር» መመለስ ቢባል፣ «ሪሴት» ወደ ኋላ ማዛወር ቢባል፣ የቀድሞውን ለውጥ በአዲስ መዝገብ የሚያፈርሰው «ሪቨርት» ደግሞ መሻር ቢባል ይሻላል። በ«ሰብቨርዥን» ግን «ሪቨርት» ገና ያልተመዘገበ ለውጥን መጣል ማለት ስለሆነ፣ ከዚያ ለሚመጣ ሰው ይህን አስቀድሞ መንገር ይገባል።

«ፌች» እና «ፑል»ን ለማስረዳት አገሩ ራሱ ምሳሌ ይሰጣል። ከሌላ ስፍራ የመጣን ቡና በግቢ ለብቻው ማኖር አንድ ነገር ነው፤ ከነባሩ ክምር ጋር መቀላቀል ደግሞ ሌላ ነው። «ፌች» የፊተኛው ነው፤ «ፑል» ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። የ«ፑሽ» ተቃራኒም ስሙ እንደሚያስመስለው «ፑል» ሳይሆን «ፌች» ነው።

«ቅርንጫፍ» የሚለው ትርጉም ግን፣ ምንም እንኳ የተለመደ ቢሆን፣ ጥንቃቄ ይሻል። ጉንደላ እያየ ያደገ ልጅ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ በላዩ ያለው ሁሉ አብሮ እንደሚወድቅ ያውቃል። በጊት ቅርንጫፍ የሚባለው ግን በመጨረሻው መዝገብ ላይ የተለጠፈ ተንቀሳቃሽ ምልክት ነው። ሥራው ከዋናው ጋር ከተዋሐደ በኋላ ቅርንጫፉ ቢሰረዝ የሚጠፋው ስሙ ብቻ ነው፤ የተመዘገበው ሥራ በቦታው ይቆያል።