ጥያቄ ሲጠረብ

ካርዱ ከመዳፌ ትንሽ ይበልጣል። ከደብተር ልባስ በምላጭና በማስመሪያ የተቆረጠ ነው፤ ጠርዙ የትም አልተንሻፈፈም። ጥያቄው በጥቁር እስክሪብቶ ፊቱ ላይ፣ መልሱ በቀይ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ከአንዳንድ ቃላት ራስ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ አለች። የነጥቧን ነገር መጀመሪያ አላስተዋልኩትም ነበር።

የካርዱ ባለቤት የታሪክ መምህር ናቸው። በልጅነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረዋል፤ ወደ አስኳላ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ለተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር የታሪክና የስፖርት ጥያቄ ያዘጋጃሉ። ካርዶቹን የሚያኖሩት በጫማ ካርቶን ነው። ሁለት ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው።

ከሁሉ አስቀድመው ያሳዩኝ የተሰረዘ ካርድ ነው። «ቤተ ልሔም የት ይገኛል?» ይላል። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ይመስላል፤ መልሱ ግን ሦስት ነው። አንዱ ጌታ የተወለደባት የይሁዳ ከተማ ናት። አንዱ ጋይንት ያለው የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ሦስተኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ በኩል ያለች፣ ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት። ሦስት ተማሪ ሦስቱን ቢመልስ ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ዳኛው ግን አንዱን ብቻ ነው የያዘው። መምህሩ አስተካከሉት፦ «የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው ቤተ ልሔም በየትኛው አገር ይገኛል?» ይህንንም ሰረዙት። «አገር» ለአንዱ ጋይንት ነው፣ ለሌላው ኢትዮጵያ። በሦስተኛው ካርድ እንዲህ ሆነ፦ «የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው ቤተ ልሔም ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በየትኛው ይገኛል?» አሁን ማምለጫ የለውም። ሦስቱ አገሮች ጎረቤታሞች ስለሆኑ በግምት የሚመልስም ትንሽ ማሰብ አለበት።

ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ድጓን ማየት ይበቃል። ድጓ የቅዱስ ያሬድ ዜማ የዓመቱን በዓላት ተከትሎ የተሰደረበት መጽሐፍ ነው። ከግእዙ ንባብ በላይ በደቃቅ ፊደል ሌላ መስመር አለ፤ ምልክት ይባላል። ምልክቱን የሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ ይነግራሉ። አንድ ወይም ሁለት ደቃቅ ፊደል ደግሞ የአንድ ሙሉ ሐረግ ዜማ ያስታውሳል። ተማሪው ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል፤ መጽሐፉንም በእጁ ይጽፋል። አንድ ምልክት አንድ ፊደል ያህል ወደ ጎን ቢሸሽ ዜማው ከሌላ ቃል ላይ ይወድቃል።

«የኔታ ቦታውን እንድናገኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚሰጡን» አሉኝ መምህሩ። «ቃሉ ከአንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ መሆን ነበረበት። ሁለት ቦታ ያለ ቃል ከሰጡን ጥፋቱ የእኛ አልነበረም።»

ካርዶቹ ላይ ያሉት ነጥቦች ከዚያ የመጡ ናቸው። መምህሩ ጥያቄ ጽፈው ሲጨርሱ ቃል በቃል ይመለሱበታል። እያንዳንዱን ቃል በጣታቸው ሸፍነው ያነቡታል። ቃሉ ተሸፍኖም መልሱ ያው አንድ ከሆነ ቃሉ አያስፈልግም፤ ይወጣል። ቃሉ ሲሸፈን መልሱ ሁለት የሚሆን ከሆነ ነጥብ ያደርጉበታል። ነጥብ ያለበት ቃል ምሰሶ ነው፤ ውድድሩን የሚያነብ ሰው እንዳይዘለው ነው ምልክቱ።

ከሁሉም ረጅም ጊዜ በእጄ የቆየው የአበበ ቢቂላ ካርድ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «በ1960 ሮም ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ያሸነፈው ማን ነው?» ሁሉም ሰው ጠይቆት የሚያውቀው ጥያቄ ነው። መምህሩ ሁለት ጉድለት አገኙበት። አንደኛ፣ 1960 በማን አቆጣጠር? የእኛ 1960 ሌላ ዘመን ነው። ሁለተኛ፣ «ሮም» ሲባል እጅ ይወጣል፤ የቀረው ንባብ ትርፍ ነው።

አዲሱን ካርድ እንዳለ ልጻፈው፦ «በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ከአክሱም ተወስዶ በባዕድ ከተማ በተተከለ ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ያለ ጫማ ሮጦ ያሸነፈው ማን ነው?»

ውድድሩ የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ይሆናል። ያ ዓመት ጳጉሜን 6 አልነበረውም፤ ስለዚህ ቀኑ የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ሲነጋ እንቁጣጣሽ። ሩጫው አመሻሹ ላይ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን ጨለማ ውስጥ አለቀ። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ፈጀበት፤ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ከ25 ሰከንድ በኋላ ገባ። ሐውልቱን ጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ወስደው ሮም ተክለውት ነበር። የመጨረሻው መስመር ከነበረበት ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ብዙም አይርቅም ነበር፤ አበበ ራዲን ጥሎ የወጣውም እዚያ አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን የካርዱን አቀማመጥ እንመልከት። «በዘመን መለወጫ ዋዜማ» ሲባል የሚያውቀው ቀን ያሰላ ብቻ ነው። «ከአክሱም ተወስዶ» ሲባል የታሪክ ተማሪው ይነቃል። «42 ኪሎ ሜትር» ሲባል ስፖርት ወዳዱ ይነቃል። «ያለ ጫማ» ሲባል የማያውቅ የለም። ከጠባቡ በር ወደ ሰፊው ይሄዳል። ቀድሞ እጁን ያወጣ የበለጠ ያወቀ ነው። አማርኛም ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው፤ ግሡና «ማን ነው» የሚለው መጠይቅ መጨረሻ ስለሚመጡ አድማጩ ጥያቄው ምን እንደሚል ሳያውቅ ፍንጮቹን በየተራ ይቀበላል። መምህሩ ማድረግ የቻሉት ቋንቋው የሰጣቸውን ቅደም ተከተል አለማበላሸት ነው። ንባቡም በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ጮክ ብዬ ሞክሬዋለሁ።

የቋንቋው ነገር ካርቶኑ ውስጥ ሌላም ቦታ አለ። በአማርኛ «ያሸነፈው» ካልን ወንድ፣ «ያሸነፈችው» ካልን ሴት መሆኑ ታወቀ፤ ግማሹ መልስ ወጣ። መምህሩ ጾታው መታወቅ በማይገባው ቦታ «ያሸነፉት አትሌት ማን ናቸው?» ብለው ይጽፋሉ። አንቱታው ጾታን ይሸፍናል፤ አክብሮቱም ለአትሌቷ የሚገባ ነው።

በዚህ መንገድ የተጻፈው የደራርቱ ቱሉ ካርድ ነው። አምስት ጊዜ እንደገና ተጽፏል፤ ያስቸገረው «የመጀመሪያ» የሚለው ቃል ነው። «በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት» ብለው ጀመሩ። ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙተዋኬል በሎስ አንጀለስ በ400 ሜትር መሰናክል ቀድማታለች። ከእሷም በፊት በ1952 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ላይ ሁለት ደቡብ አፍሪካውያን፣ ኤስተር ብራንድ በከፍታ ዝላይና ጆአን ሃሪሰን በዋና፣ ወርቅ ወስደዋል። «በ1984» የሚል ዓመት ቢጨመርስ? እዚህ ላይ መምህሩ ካርዱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ዝም አሉ። አሰላሁት። ናዋል ያሸነፈችው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ዘመኑ ስምንት ዓመት የተራራቀ። አቆጣጠሩ ካልተጻፈ «1984» ሁለቱንም ይይዛል።

የመጨረሻው ካርድ «በኦሎምፒክ ወርቅ በማግኘት ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያ የሆኑት» የሚለውን ሐቅ ይዟል፤ በአንቱታው ምክንያት ግን «ሴቶች» የሚለው ቃል የገባው ከሁሉም ፍንጭ በኋላ ነው። «ጥቁር» ላይ ነጥብ አለ። «የመጀመሪያ» ላይም አለ።

የእግር ኳሱ ካርድም እንዲሁ ጠባብ መገጣጠሚያ አለው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ «ኢትዮጵያ 4 ለ 2 ያሸነፈችው ማንን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግብፅን እያሰበ ነው። ነገር ግን በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያንም 4 ለ 2 ነው ያሸነፈችው። «በፍጻሜው» የሚል ቃል ቢገባ ሌላ ችግር ይቀራል፤ ጥር 13 ቀን በፍጻሜው 90 ደቂቃው ያለቀው 2 ለ 2 ነበር፤ 4 ለ 2 የሆነው በጭማሪው ሰዓት ነው። ግብፅም ያኔ በይፋ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። መምህሩ ውጤቱንም አገሩንም ተዉትና ከጨዋታው ውስጥ የማይናወጥ ነገር ፈለጉ፦ «በ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ለኢትዮጵያ ካገቡት መካከል ወንድማማቾች የሆኑት ሁለቱ ማን ማን ናቸው?» ሉቺያኖ ቫሳሎ እና ኢታሎ ቫሳሎ። ሉቺያኖ አምበሉ ነበር። የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ በሌላ ካርድ ላይ አለ።

የዓድዋን ቀን የሚጠይቅ ካርድ አላገኘሁም፤ ለምን እንደሌለ ጠየቅሁ። «አለ፣ ግን በእኛ ቀን ብቻ» አሉ። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነው። የፈረንጆቹ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ይላሉ፤ እኛ ደግሞ በዓሉን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው። ሁለቱም ልክ ነው። የፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ሲዘል የእኛው አልዘለለም፤ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ይህን የማያውቅ ዳኛ በትክክል የመለሰን ልጅ ነጥብ ሊነፍግ ይችላል።

በዚህ ሁሉ መካከል ወግ ያለው ካርድም አለ፤ ከልጅነት እንቆቅልሽ የወጣ። «ጋፋት ተወልዶ መቅደላ የቀረ፣ እግር ሳይኖረው አገር የዞረ፣ ማን ነው?» ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው የቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል ነው። «መቅደላ የቀረ» ብቻ ቢል ንጉሡ ራሳቸውም ይገቡበታል። «ጋፋት ተወልዶ» ሲል ቴዎድሮስ ይወጣሉ፤ የተወለዱት ቋራ ነውና። አሥር ቃል ብቻ የሆነ ነገር ንጉሡንና መድፉን ለየ።

መምህሩ ድጓ የተማሩበት የጋይንቱ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩት እንደ አካባቢው ሁሉ ክብ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ ወደ ውስጥ ሲገባ በክቡ ጣራ ሥር አራት ማዕዘን የሆነ፣ በተጠረበ ድንጋይ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። መምህሩ በልጅነታቸው በዚያ ክብና በዚያ ማዕዘን መካከል ቆመው አገልግለዋል። የተጠረበው ድንጋይ ጥግ ቀጥ ያለ መሆኑን በጣታቸው ይፈትሹ እንደነበር ነገሩኝ።

ከመሄዴ በፊት «የመጀመሪያ» የሚል ቃል ያለባቸውን ካርዶች ለብቻ አውጥቼ ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው። በሰባቱም ላይ፣ ከቃሉ ራስ፣ ነጥቧ አለች።