በአሮጌ አስፋልት ላይ ስለሚለበስ ስስ ኮንክሪት

ስስ የኮንክሪት ልባስ ያረጀውን አስፋልት ሁሉ ያድናል የሚሉ ሰዎች በማስረጃነት የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ፥ በኬንተኪ ግዛት፥ በሉዊቪል የተደረገውን ሙከራ ነው። ወደ ቆሻሻ መጣያ በሚወስድ መንገድ ላይ 5 እና 9 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ተለብሶ፥ በየቀኑ በመቶ የሚቈጠሩ ከባድ መኪናዎችን ተሸከመ። ሙከራው የሚመሰገን ነው፤ ከርሱ የተወሰደው ትምህርት ግን ጐዶሎ ይመስለናል።

ጭነቱን የቻለው ኮንክሪቱ ብቻ አይደለምና። የአስፋልቱ ገጽ ተፍቆና ጸድቶ ከኮንክሪቱ ጋር ሲጣበቅ፥ ሁለቱ እንደ አንድ ወፍራም አካል ሆነው ይሠራሉ። በሉዊቪል ልባሱ በ60 ሳንቲ ሜትርና በ1.80 ሜትር ካሬ መቈረጡም፥ ጭነት ሲያርፍበት ጐብጦ እንዳይሰነጠቅ ነው። መጣበቁ ከተቋረጠ 5 ሳንቲ ሜትሩ ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውንም ከባድ መኪና አይችልም።

ስለዚህ ከተፋቀ በኋላ 7.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ደኅና አስፋልት ካልቀረ፥ ወይም ጉዳቱ ከሥር ካለው አፈር የመጣ እንደ ሆነ፥ በስስ ልባስ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ቍስልን ሳያጥቡ ለመሸፈን የሚከፈል ነው። እንዲህ ላለው መንገድ ወፍራም ኮንክሪት ማፍሰስ ወይም ከመሠረቱ እንደገና መሥራት ይሻላል። መሐንዲሱ የሲሚንቶውን ሒሳብ ከማውጣቱ አስቀድሞ አሮጌውን አስፋልት ቈፍሮ ይመርምር።