ለጠየቀ ሁሉ የመለሰ ጋዜጠኛ

ጳውሎስ ኞኞን ከሁሉ በላይ የማመሰግነው «አንድ ጥያቄ አለኝ» ስለሚለው የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዓምዱ ነው። አንባቢው ስለ ፍቅርም፣ ስለ ታሪክም፣ ስለ ከዋክብትም ይጠይቅ ነበር፤ ጳውሎስን ለመፈተን ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም ነበር። እሱም ለቀልዱ በቀልድ፣ ለቁም ነገሩ መጽሐፍ አገላብጦ ይመልስ ነበር። መልሱ አጭር ነበር። ተረቡ ሹል ቢሆንም ጠያቂው ተከፍቶ አይቀርም ነበር፤ እንዲያውም ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣ ነበር።

በ1926 ዓ.ም. ቁልቢ ከግሪካዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ይህ ሰው የቀለም ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን በንባብ ሞላው። ተራ ሰው የሚጠይቀውን ያልናቀው ለዚህ ይመስለኛል።

ከአዲስ አበባ ርቀን ለምንኖር ለነገሌ ቦረና፣ ለያቤሎና ለሞያሌ ሰዎች ደግሞ የዓምዱ ዋጋ የበለጠ ይገባናል። ለመጠየቅ ዘመድም ሥልጣንም አያስፈልግም ነበር፤ ፖስታው ላይ ቴምብር የለጠፈ ሁሉ ጠያቂ ነበር። ነገሌ ውስጥ አንድ አዛውንት የዓምዱን ቁርጥራጮች ካርቶን ውስጥ አኑረዋል፤ ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል፣ እጥፋታቸው ሊበጠስ ደርሷል። ሻይ ቤት ይዘዋቸው ሲመጡ አንዱ በአማርኛ ያነባል፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ይደግመዋል፤ ሳቁም ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ጳውሎስ በ1984 ዓ.ም. አረፈ። የነገሥታቱን ታሪክ ጽፎልናል፤ ያ ዓምድ ባይኖር ግን የዚያ ዘመን ተራ ሰው ማታ ተኝቶ ምን ምን ያስብ እንደነበር ከየት እናገኘው ነበር?