የዐለቱ እንባና የሕሊና ዕረፍት፦ የነአኩቶ ለአብ ትውፊት በመጻሕፍተ መነኮሳት ሚዛን

በላስታ፣ ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የቅዱስ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። በዘመን ብዛት የተቦረቦሩ የድንጋይ ገበታዎች ጠብታውን ይቀበላሉ፤ ካህናቱም ጸበል ብለው ለምእመናን ያድሉታል። የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ የሆነው ይህ ንጉሥ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ዓርብ ዓርብ በዙሪያው ጦር ተክሎ እየሰገደ ስለ ሕማማተ ክርስቶስ ያነባ ነበር። ስለ እንባውም ዐለቱ እስከ ዓለም ፍጻሜ እንዲያነባ ቃል ኪዳን ተሰጠው።

ተሳላሚው ይህን እንደ ተአምር ተቀብሎ ጸበሉን ቀድቶ ይሄዳል። የታሪክ ምሁሩ ደግሞ ፖለቲካውን ያያል። ማሪ ሎር ዴራ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ነአኩቶ ለአብ የነበረበት የዛጔ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት እንዴት ቅዱሳንም ዙፋን ነጣቂዎችም ተብለው ሊታወሱ እንደቻሉ መርምረዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የነገሥታቱ ገድሎች ሥርወ መንግሥቱ ከወደቀ ከረጅም ጊዜ በኋላ የተጻፉ ናቸውና። ግን አንድ ነገር ሳይመለስ ይቀራል፦ ንጉሥን ለማክበር ድል መንሳቱ በበቃ ነበር፤ እንባ ለምን ተመረጠ?

መልሱን የምፈልገው ከአብነት ትምህርት ቤቱ ነው። መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ቅድስናን የሚለኩት በሕሊና ጉዞ ነው፤ መምህራኑም ጉዞውን በዐሥር መዓርግ ይተነትኑታል። በንጽሐ ሥጋ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ፤ በንጽሐ ነፍስ አንብዕ (እንባ)፣ ኩነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት፤ በንጽሐ ልቡና ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞና ንጻሬ ሥላሴ አሉ። እንባ እንግዲህ አራተኛው ነው። አንደበቱን ያልሰበሰበ፣ የሚጸልየውን ልብ ያላለ፣ የቃሉን ጣዕም ያልቀመሰ አይደርስበትም፤ የደረሰበትም ቢሆን ገና ስድስት ይቀሩታል።

ጦሮቹን በዚህ ሚዛን ስናያቸው ራስን ለማሠቃየት ብቻ የተተከሉ አይመስሉኝም። በፊት በኋላ፣ በቀኝ በግራ ጦር የተተከለበት ሰው ሐሳቡ አንዴ ከባዘነ ይወጋል። ልባዌ በብረት ተጠበቀ ማለት ነው። የንጉሥ መሣሪያ በጠላት ላይ መወርወሩ ቀርቶ፣ ከንጉሡ ከራሱ ሐሳብ ጋር ገጠመ።

እዚህ ላይ ግን ትውፊቱና መጽሐፉ ይጋጫሉ። ለማር ይስሐቅ እንባ ድንበር ነው። ሕሊና ከዚህ ዓለም እስራት መውጣት መጀመሩን ያመለክታል፤ ብዙ ከፈሰሰ በኋላም ለሐሳብ ሰላም ቦታ ይለቃል። የላስታው ዐለት ግን ጠብታውን አያቆምም። መምህሩ መተላለፊያ ያለውን ትውፊቱ ለዘላለም አጸናው። ስሕተት ነው ልንል እንችል ነበር፤ ነገር ግን ትውፊቱ ነአኩቶ ለአብ ሞተ አይልም፣ ተሰወረ ነው የሚለው። ሰውዬው መዓርጉን አልፎ ሄዷል። እንባው ግን ገና ከታች ላሉት ቀርቷል። ይህን ባለትውፊቶቹ አስበውታል ብዬ አልከራከርም፤ ትውፊቱንና መጽሐፉን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ግን ሊያልፈው አይችልም።

ገድለ ላሊበላም ከዚህ የራቀ አይደለም። ለላሊበላ የቀረበውን የተመረዘ ጽዋ ቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሲሞት፣ ላሊበላ በእኔ ምክንያት ሞተ ብሎ ቀሪውን ራሱ ይጠጣል። ወደ ሰማይ ተነጥቆ የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት ያየው ከዚህ በኋላ ነው። ለዐለቱ መፈልፈል መነሻ የሆነው በልብ የተደረገ ውሳኔ ነው፤ ስለ ላሊበላ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ግን ከመዶሻና ከመሮ ይጀምራል።

ማር ይስሐቅ ራሱ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከአምስት ወር በኋላ መንበሩን ትቶ ወደ ገዳም ተመልሷል። ሹመትና የሕሊና ጸጥታ አብረው አልሄዱለትም። ላስታ በዚህ ከመምህሩ ተለየች። ካህንም ንጉሥም እንደነበረ የሚነገርለት ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ ዘውዳቸውን እንደጫኑ ወደ መዓርጉ ሲወጡ ነው የሚታዩት። መጻሕፍተ መነኮሳት በአመዛኙ ለመናንያን የተጻፉ ናቸው፤ በዚህ ደጋ ግን ትምህርታቸው ሸንጎ ተቀምጦ ፍርድ ለሚሰጥ ሰው ጭምር ሆነ።