ሊፈታ የተሠራ ዮዮ፦ የኤስ.ቢ.2 ንድፍ ሲመረመር

ስለ አሉሚኒየም ዮዮ የሚጽፉ ሁሉ ኤስ.ቢ.2ን የሚያመሰግኑት በኩሽኔታው ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መሐሉ የተገጠመችው ኩሽኔታ ዮዮው ክሩ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚሽከረከርበትን ጊዜ አራዝማለች፤ ይህ አያከራክርም። ምስጋናው ግን ቦታውን ስቷል። ባለ ኩሽኔታ ዮዮ በስዊድን በ1984 ተሠርቶ ነበር። የኤስ.ቢ.2 ትልቁ ብልሃት መፈታቱ ነው።

ሠሪው ቶም ኩን የሳን ፍራንሲስኮ የጥርስ ሐኪም ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ኖ ጃይቭ የተባለ የእንጨት ዮዮ ተፈትቶ በሦስት ዓይነት ቅርጽ ይገጣጠማል፤ ክር እየፈተገ የበላው ዘንግም ይቀየራል። ኤስ.ቢ.2 የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው።

ሁለቱን ግማሾች በሁለት እጅ ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ማዞር ይበቃል። ብሎኑ ይላላል፤ ከሽንብራ ፍሬ ጥቂት የምትበልጠው ኩሽኔታ ከመቀመጫዋ ትወጣለች። ክሩ የሚያርፈው በውጭኛው ቀለበቷ ላይ ነው፤ ውስጠኛው ከዘንጉ ጋር ይዞራል። ስለዚህ ክሩ ተወጥሮ ቢቆምም ዮዮው መሽከርከሩን አይተውም። እጅ ሳብ ሲያደርገው ክሩ ለቅጽበት ይላላል፣ የግራ ቀኙን ግድግዳ ይነካል፣ ይያዛል፣ ተጠቅልሎም ይመለሳል። ከክሩ የሚረግፍ ብናኝ በኩሽኔታዋ ውስጥ ባሉት ኳሶች መካከል ሲገባ ግን ሽክርክሪቱ ይከብዳል። ዮዮው የማይፈታ ቢሆን ኖሮ ኩሽኔታዋ ከጥቅሟ ዕዳዋ በበለጠ ነበር።

በ1992 ጠፈርተኛው ጄፍሪ ሆፍማን በአትላንቲስ መንኩራኩር ይዞት መሄዱም ተደጋግሞ ይወሳል። ይህ ዝናውን ቢያገንም ለንድፉ ምስክር አይሆንም። ምሕዋር ላይ ክሩን ወጥሮ የሚይዝ ክብደት ስለማይኖር ዮዮ ጫፍ ላይ ረግቶ አይሽከረከርም፤ ኩሽኔታዋ የምትመሰገንበት ሥራ እዚያ አልተፈተነም።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ቁሱ ብረት ሆኖ ሳለ ቅርጹ የቀድሞው የእንጨት ዮዮ ነው፤ ጠባብና ትከሻው የተድቦለቦለ። አሉሚኒየም ክብደትን ወደ ጠርዝ ለማራቅ የሚሰጠውን ነፃነት እስከ ጥግ የተጠቀሙበት ከ2000 ወዲህ የመጡት ሰፋፊ ዮዮዎች ናቸው። ክር ላይ በቀላሉ ያርፋሉ፣ ረጅም ጊዜም ይሽከረከራሉ። ይሁንና አብዛኞቹ በመሳብ ብቻ ወደ እጅ አይመለሱም፤ ተጫዋቹ ክሩን አጥፎ በዘዴ ማስያዝ አለበት። ኤስ.ቢ.2 የኩሽኔታውን ረጅም ሽክርክሪትና የድሮውን መመለስ አስታርቆ ይዟል። ይህን ሚዛን ከኋለኞቹ የብዙዎቹ ረጅም የመሽከርከር ጊዜ አስበልጣለሁ።

ዛሬ ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚያንሩት ካርቶኑ ላልተከፈተ፣ ጭረት ላልነካው ነው። ይህ ልማድ ዕቃውን ይበድላል። ኩን እንዲከፈት አድርጎ የሠራውን ነገር ዘግቶ መሰወር፣ ከሥራው ዋናውን ሐሳብ መሰወር ነው። እኔ የማስቀድመው ጠርዙ ወለል የመታውን፣ ቀለሙ በጣት የተፈተገውን፣ ኩሽኔታውም ደጋግሞ ወጥቶ የተጸዳውን ነው።