ከገብሱ በፊት ውሃው

ጥር 23 ሲቃረብ የእንጅባራ ፈረስ ቀለብ ይጨመርለታል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታዊው በዓል የሁሉ ዓይን ያረፈበት ነውና ፈረሱን አክስቶ አደባባይ መውጣት የሚፈልግ የለም። ገብሱም ባቄላውም ይበረክታል። ውሃውን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ክረምት ላይ ፈረስ የሚግጠው ለምለም ሣር ሦስት አራተኛው ውሃ ነው፤ ምንጭ ዳር ብዙ ባይቆምም አይጎዳም። ጥር ላይ ግን ያለው ጭድና ድርቆሽ ነው፤ በውስጡ የቀረው ውሃ ከአሥር እጅ አንድ ቢሆን ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ጠዋት ውርጭ ይጥላል፤ ፈረሱም ቀዝቃዛውን ውሃ ቀመስ አድርጎ ይተወዋል። ደረቁ ጭድ አንጀት ውስጥ ይቋጠራል። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም፤ ቁርጠት ከያዘው ጎኑን እየዞረ ያያል፣ መሬት በእግሩ ይጭራል፣ ይንከባለላል። ያኔ ሐኪም መጥራት ነው እንጂ ሌላ መላ የለም።

እኔ ለጠዋት የሚሆነውን ውሃ ቤት ውስጥ አሳድራለሁ፤ ለብ ያለውን ሳይመርጥ ይጠጣል። ገብሱን ማታ ነክሬ ጠዋት አጠንፍፌ እሰጣለሁ፤ ከጎመዘዘ እደፋዋለሁ። አተላ ስጠው የሚለኝ አይጠፋም። እርጥብነቱ እውነት ነው፤ ስካር ያለበትን ነገር ግን ሩጫ ለሚጠብቀው ፈረስ አላቀርብም።

ውሃ እንዳነሰው ለማወቅ የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጦ መልቀቅ የታወቀ ነው፤ ወዲያው ካልተመለሰ ጠምቶታል። ያረጀ ፈረስ ቆዳ ግን ያሳስታል፤ እኔ የማምነው ፋንድያውን ነው። ትንንሽ፣ ጠጣርና ልጋግ የለበሰ ከሆነ ገብሱን ቀንሼ ውሃውን አበዛለሁ።

«የሞቀ ፈረስ ውሃ አይጠጣም» የሚሉ አባቶችን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ጋልቦ ያላበው ፈረስ ከውሃው ጋር ብዙ ጨው ያጣል፤ ጥሙም ከቆየ ይበርዳል። ስለዚህ ላቡ ሳይደርቅ ውሃ ሊቀርብለት፣ ማታ ደግሞ ጨው ሊልስ ይገባል። ዘንድሮ ለበዓሉ የምትወጡ ፈረሰኞች፣ ከጌጡና ከኮርቻው ጋር አንድ ባልዲ ያዙ።