«ዘፈን እንጭናለን»፦ የአልበም ዕጣ ከቦሌ እስከ ሚታካ

ከቦሌ ወደ መገናኛ ሲሄዱ የሞባይል ሱቆች መስታወት ላይ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ማንበብ የተለመደ ነው። ደንበኛው ሚሞሪ ካርዱን ወይም ፍላሹን ያቀብላል፤ ሻጩ ከኮምፒውተሩ እየመረጠ ይጭንለትና ጥቂት ብር ይቀበላል። በዚህ ግብይት ውስጥ ድምፃዊው የለም፤ የግጥምና ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውም የሉም። የአልበም ገበያ ተዳከመ ሲባል ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ «ከፍሎ አያዳምጥም» በሚባለው ሕዝብ ላይ ነው። በዚህ አልስማማም። ሕዝቡማ ከፍሏል፤ ገንዘቡ ነው ባለቤቱ ዘንድ ያልደረሰው።

ችግሩ ከአልበም ታሪካችን ጋር አብሮ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምን ሥራ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በዘመኑ ስመ ጥር የሆኑት ድምፃውያን አብዛኞቹ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ወይም የሌላ ተቋም ኦርኬስትራ ተቀጣሪዎች ነበሩ። ወጣቱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌውን ተዳፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ህንድ አሳትሞ አመጣ። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ባለው ጊዜ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አውጥቷል፤ አልበሞቹ ግን 12 ብቻ ነበሩ። ከዚህ ቁጥር የምረዳው፣ አልበም ከየቤቱ የገባው በሸክላ ሳይሆን ኋላ በመጣው ካሴት መሆኑን ነው። ካሴት ድምፃዊውን ከኦርኬስትራው ጥላ አውጥቶ በገዛ ፎቶግራፉ ሽፋን ላይ አቆመው። ያው ካሴት ግን ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊገለብጠው የሚችል ዕቃ ነበር። አልበምን ያስፋፋውም ያቆሰለውም አንድ ቴክኖሎጂ ነው።

የጉዳቱ ልክ የሚታወቀው የአልበምን ድካም ለሚያውቅ ነው። ኤልያስ መልካ ያቀናበረውን የኢዮብ መኮንን «እንደ ቃል» አልበም ከዳር እስከ ዳር ያደመጠ ሰው፣ ዘፈኖቹ ተለቃቅመው የተሰበሰቡ ሳይሆኑ በአንድ ሐሳብ የተሠሩ መሆናቸውን ያውቃል። ይህን የሠራው ኤልያስ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 አውታር የተባለ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ለማቋቋም ተነሣ። አቀናባሪ ዜማውን ትቶ ስለ ሱቅ እንዲያስብ የሚያስገድድ ገበያ፣ የታመመ ገበያ ነው። ኤልያስ በዚያው ዓመት አረፈ።

ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት መላ ያገኘችለትን ጃፓንን ለንጽጽር የማነሣው በሩቅነቷ አይደለም። ኤንካ የሚባሉት የጃፓን ዘፈኖች የሚወዱት ባለ አምስት ድምፅ ማይነር ቅኝት ከእኛ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው፤ ጆሯችን ቀድሞ ተዋውቋል። ቶኪዮ ዳርቻ በምትገኘው ሚታካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተማሪዎች ሸክላ የሚያከራይ ሱቅ ከፈቱ። ተከራዩ ቤቱ ወስዶ ካሴት ላይ ይገለብጣል፤ ሥራው ከቦሌው ጭነት በምንም አይለይም። ሱቆቹ በፍጥነት ተባዙ፤ አሳታሚዎችም ጮኹ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተሻሻለው የቅጂ መብት ሕግ ሱቆቹን አልዘጋም። ለደራሲዎች የማከራየት መብት ሰጠ፤ ድምፃውያንና አሳታሚዎች ደግሞ ሥራው በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ኪራዩን መፍቀድ ወይም መከልከል፣ ከዚያ በኋላ ክፍያ መቀበል ቻሉ። አልበም በኪራይ አልሞተም። ኪራይ ቤቶቹ አገሩን ሞልተው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የኡታዳ ሂካሩ «ፈርስት ላቭ» በጃፓን ብቻ ከ7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

እኛ ሕግ አልጎደለንም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድምፃዊና ለአሳታሚ የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ማሻሻያው አዋጅ 872/2007ም የሮያሊቲ አሰባሰብን ያነሣል። የጎደለን ሕጉን ከመስታወቱ ጀርባ ካለው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ አሠራር ነው። ዩቲዩብ ሱቁን ያጠፋዋል የሚሉኝ አሉ፤ ዳታ የሚቆጥብ ሰው እስካለ ድረስ ግን ካርዱን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም።

ስለዚህ ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንና ለሙዚቃ ባለሙያዎች ማኅበራት የማቀርበው ጥሪ ይህ ነው፦ ጫኝ ሱቆቹን ከማሳደድ ይልቅ መዝግቧቸው፣ ፈቃድ ስጧቸው፤ ከሚጭኑት ከእያንዳንዱ ዘፈንም የድምፃዊውን፣ የደራሲውንና የአቀናባሪውን ድርሻ ሰብስቡ።